መጋቢው ከመግባቱ በፊት፤ የኮንቴይነር ክላስተርን ለመረጃ ቋት ኦፐሬተር ስለ ማሰናዳት



ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ የደባርቅን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዳባት ይደርሳል። በዚያች ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ተጀመረ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባቋቋመው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ሥርዓት መረጃ ሰብሳቢዎች ከደጋውም፣ ከወይና ደጋውም፣ ከቆላውም በተመረጡ ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ሄደ የሚመዘግቡበት ሥራ ነው። ሰው ሲሞትም የሟቹን ቤተ ዘመድ በሥርዓት ጠይቀው የሞቱን ምክንያት ለመረዳት ይጥራሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ የታሰበ ነበርና፣ የዳባት መዝገብ የዚያው ሐሳብ ተወላጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የእንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ ከብዛቱ ይልቅ ከቀጣይነቱ ይመነጫል። አንዲት ሕፃን ስትወለድ የሚሰጣት መለያ ቁጥር ከእናቷ ቁጥር ጋር ይያያዛል፤ አድጋ ስታገባ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትዛወራለች፤ በተራዋ ስትወልድ ደግሞ የእርሷ ቁጥር የእናት ቁጥር ይሆናል። በ1996 የተወለደች ልጅ ዛሬ የራሷን ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ከዚህ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የሞተን ሰው ዳግመኛ ጠይቆ መመዝገብ እንደማይቻል ደግሞ ግልጽ ነው።

ይህ ንግግር የዳባት ማዕከል ዛሬ በምን መሣሪያ እንደሚሠራ ለመግለጽ የታሰበ አይደለም። የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን የመሰለ መዝገብ፣ ወይም የሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ፣ ጎንደር ላይ በሚገኝ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ በዘመኑ ሥልት፣ ማለትም በኮንቴይነር ክላስተር ላይ ይቀመጥ ቢባል፣ የመረጃ ቋቱን የሚያስተዳድረው ኦፐሬተር ከመተከሉ አስቀድሞ ምን መሰናዳት ይገባዋል? የአምራቾቹ መመሪያዎች ለዚህ ዝግጅት ከአምስት ወይም ከስድስት መስመር የበለጠ ቦታ አይሰጡትም። ነገር ግን እነዚያ መመሪያዎች የተጻፉት መብራት በማይጠፋበትና የኢንተርኔት መስመር በማይቋረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን መፍታት ይበጃል። ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ አብሮ ጠቅልሎ የያዘ፣ በየትኛውም ሰርቨር ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚነሣ ጥቅል ነው። ክላስተር የሚባለው ደግሞ እነዚህን ጥቅሎች ተከፋፍለው የሚያሠሩ ሰርቨሮች ማኅበር ነው። ይህን ማኅበር ለመምራት በብዛት የሚሠራበት ኩበርኔትስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ስሙ በግሪክ ቋንቋ የመርከብ መሪ ማለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ አቀረበው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2015 ወጣ። ኩበርኔትስ በመሠረቱ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም «ይህን ያህል ጥቅል ይኑር» ተብሎ የተጻፈለትን ካለው ጋር እያስተያየ የጎደለውን መሙላት ነው። አንዱ ቢሞት ሌላ ይተካል፤ ማንነቱ አያስጨንቀውም።

የመረጃ ቋት ግን በዚህ ዓይነት የሚተካ ነገር አይደለም፤ ትዝታ አለውና። ከሦስት ቅጂዎች ዋናው የትኛው እንደ ሆነ፣ ዋናው ቢወድቅ ከሁለቱ ተከታዮች ማን የበለጠ እንደ ደረሰበት፣ የወደቀው ሲመለስ እንዴት ተስተካክሎ መግባት እንዳለበት የሚያውቅ ብልህ አስተዳዳሪ ያስፈልጋል። ኮርኦኤስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፐሬተር ብሎ የሰየመው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ኦፐሬተር ማለት የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ የሆነ ሰው በልምድ የሚያውቀውን ያህል በፕሮግራም መልክ ጽፎ በክላስተሩ ውስጥ ሌት ተቀን እንዲኖር ማድረግ ነው። ለፖስትግሬስ የመረጃ ቋት የተሠሩ እንዲህ ያሉ ኦፐሬተሮች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ለዚህ ንግግር ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ2022 በነጻ የተለቀቀው ክላውድኔቲቭፒጂ ነው።

ኦፐሬተሩን የትልቅ ቤት መጋቢ አድርጎ መገመት ይቻላል። መጋቢ ለድግሱ ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልግ፣ ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚስተናገድ ያውቃል። የጎተራው ክዳን ማፍሰሱን፣ ምሰሶው በምስጥ መበላቱን ግን ለማየት አልተቀጠረም፤ ቤቱ ደኅና ነው ብሎ ነው የሚገባው። ኦፐሬተሩም እንደዚሁ ስለ ፖስትግሬስ ጠልቆ ያውቃል፤ ስለ ጎንደር ግን የሚያውቀው የለም። ዲስኩ የጻፈውን በእውነት እንደ ጻፈ፣ ሰዓቱ ልክ እንደ ሆነ፣ ሦስቱ ሰርቨሮች በሦስት ልዩ ልዩ ምክንያት እንጂ በአንድ ምክንያት እንደማይወድቁ አምኖ ይነሣል። ዝግጅት ማለት እንግዲህ ይህን እምነት እውነት ማድረግ ነው።

ከመጨረሻው ነጥብ መነሣት ይሻላል። ክላስተሩ የራሱን መዝገብ የሚይዝበት ኤትሲዲ የሚባል ትንሽ ቋት አለ። ውሳኔ የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ ስለ ሆነ፣ ሦስት አባላት ቢኖሩት የአንዱን መውደቅ፣ አምስት ቢኖሩት የሁለቱን መውደቅ ይችላል። ስሌቱ የማያሻማ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ሰርቨሮች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሆነው ከአንድ ዩፒኤስ፣ ዩፒኤሱም ከአንድ ማከፋፈያ ሳጥን ኃይል የሚያገኙ ከሆነ ቁጥራቸው ሦስት ይባል እንጂ በመውደቅ ረገድ አንድ ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ በግዥ ሰነድ ላይ «አደጋን የሚቋቋም» ተብለው የሚጻፉ ክላስተሮች ብዙዎቹ ከዚህ አያልፉም። ስለዚህ የመጀመሪያው የዝግጅት ተግባር ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ሆኖ ሽቦውን መከተል ነው፤ ሁለቱን ሰርቨሮች ከአንድ ፌዝ፣ ሦስተኛውን ከሌላው፣ ቢቻል ሦስቱንም ከየራሳቸው ዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ነው። በክረምት መብረቅ ለሚበዛበት ደጋ የመሬት ሽቦው መኖሩና መሥራቱ በመሣሪያ መለካት ይኖርበታል፤ በወረቀት ላይ መሳሉ አይበቃም።

ከፍታውም ሊረሳ የማይገባው ጉዳይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ በሳሳ መጠን ሙቀት የመሸከም ችሎታው ይቀንሳል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማመቻቻ መሐንዲሶች ማኅበር በተለመደው የሰርቨር መደብ ላይ ያወጣው ደንብ እስከ 900 ሜትር ድረስ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ሲፈቅድ፣ ከዚያ በላይ ለየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ጎንደር ላይ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 31 ዲግሪ ያህል ነው። የጎንደር አየር ቀዝቃዛ ነው ተብሎ መስኮት ከፍቶ መተው የሚያዋጣ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ በበጋ ቀትር በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ክፍል ግን 31 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። የኃይል መለወጫዎችም አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተፈተኑት እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ለሚሆን ከፍታ ነውና ከመግዛት በፊት በጀርባቸው የተለጠፈውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። የሚሽከረከሩ ዲስኮች የተለመደው ወሰን 3,048 ሜትር ስለ ሆነ ለደባርቅ ይበቃሉ፤ ወደ ስሜን ተራሮች ዘልቆ ሳንቃ በር ላይ መሣሪያ ለማቆም የሚያስብ ግን ሌላ ዓይነት ዲስክ ይፈልግ። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጀኔሬተርም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ይህ ጎንደር ሲደርስ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። በፋብሪካው ጽሑፍ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚለው ጀኔሬተር ጎንደር ላይ 40 ያህል ነው ብሎ ማስላት ይሻላል።

ቀጥሎ የዲስክ ነገር ይመጣል። በዚህ ላይ መቆየት የሚገባው ትዝታን የሚይዘው እርሱ ስለ ሆነ ነው። የመረጃ ቋት «ተመዝግቧል» የሚል መልስ የሚሰጠው ዲስኩ «ጽፌአለሁ» ካለው በኋላ ነው። ችግሩ ለግል ኮምፒዩተር የሚሸጡ ርካሽ ዲስኮች ፍጥነታቸው የሚያምር እንዲመስል በጊዜያዊ ማስታወሻቸው ብቻ የያዙትን ነገር ጽፌአለሁ ሊሉ መቻላቸው ነው። መብራት በዚያች ቅጽበት ቢጠፋ መልሱ ሐሰት ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ጥፋት ወዲያው አይታይም፤ ሰርቨሩ ይነሣል፣ ቋቱም ይከፈታል፣ ከወራት በኋላ አንድ ሰው አንድ ቤተሰብን ሲፈልግ ገጹ የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለመረጃ ቋት የሚመረጠው ዲስክ ኃይል ሲቋረጥ የጀመረውን ጽሑፍ የሚያስጨርስ የራሱ ካፓሲተር ያለው መሆን አለበት። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ከአራተኛ ሰርቨር ይልቅ ለዚህ ዲስክ ገንዘብ ማውጣት ይመረጣል።

የዲስኩ ፍጥነትም የሚለካበት መንገድ አለ። ኤትሲዲ ከመቶ ጽሑፎች ዘጠና ዘጠኙ ከ10 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ዲስክ ላይ እንዲያርፉለት ይፈልጋል። ከዚህ ሲዘገይ አባላቱ አንዱ የሌላውን ድምፅ መስማት ያቅታቸዋል፤ መሪያቸው የሞተ መስሏቸውም ደጋግመው ምርጫ ያደርጋሉ። ክላስተሩ ያለ ምክንያት ይናወጣል ተብሎ በኔትወርክ ላይ የሚሳበበው ችግር ብዙ ጊዜ የዲስክ ችግር ነው። ኤትሲዲንና ፖስትግሬስን በአንድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ የማይመከረውም ስለዚህ ነው። ክላስተሩ የዲስክ ቦታን የሚያድልበት የማከማቻ መደብ አስቀድሞ ሊኖር፣ ስሙም ሊታወቅ፣ መጠኑ በኋላ ሊጨመር የሚችል መሆኑም ሊረጋገጥ ይገባል። ለፖስትግሬስ በየሰርቨሩ ላይ ያለው የቅርብ ዲስክ ከሩቅ የጋራ ማከማቻ ይሻላል፤ ቅጂውን የሚያባዛው ራሱ ቋቱ ነውና ሁለት ጊዜ ማባዛት ትርፉ መዘግየት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የመስመር ጉዳይ ለጎንደር ከሁሉ የከበደ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። መስመር ለሰዓታት ይጠፋል ተብሎ የተነደፈ ሥርዓት ለወራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ብሎ ማሰብ ለጎንደር መሐንዲስ የዕለት ሥራው ነው።

መጀመሪያ የጥቅሎቹ ነገር አለ። ኩበርኔትስ ኮንቴይነር ለማስነሣት ኢሜጅ የሚባለውን ጥቅል ከውጭ መዝገብ ያወርዳል። ከእነዚህ መዝገቦች ትልቁ የሆነው ዶከር ሀብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ሳይመዘገቡ የሚያወርዱትን መገደብ ጀምሯል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሲወጣ ኮታውን ተማሪዎች ጠዋት ሊጨርሱት ይችላሉ። መስመር ባለ ጊዜ ኢሜጆቹን በየሰርቨሩ ላይ አውርዶ ማስቀመጥ መፍትሔ ይመስላል። ይሁንና የሰርቨሩ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ኩበርኔትስ በሥራ ላይ ያልሆኑትን ኢሜጆች ራሱ ጠርጎ እንደሚጥል ብዙዎች አይገነዘቡም። መስመር በሌለበት ሳምንት ዲስኩ ቢሞላ የተጠረገው ጥቅል ተመልሶ አይመጣም። ስለሆነም በግቢው ውስጥ የራስ የኢሜጅ መዝገብ ማቆም የግድ ነው። ወደዚያ የሚገቡት የኦፐሬተሩና የፖስትግሬስ ኢሜጆች ብቻ አይደሉም፤ የኔትወርኩ፣ የስም ፈቺው፣ የምስክር ወረቀት አዳዩና የቅጂ አዘጋጁ ኢሜጆችም አሉ። ከሁሉም የምትረሳው ፖዝ የምትባለው ትንሽ ጥቅል ናት፤ መጠኗ ከአንድ ሜጋባይት በታች ቢሆንም ያለ እርሷ አንድም ፖድ አይነሣም። ኢሜጆቹም «የቅርቡ» በሚል ስያሜ ሳይሆን በቁርጥ እትማቸው መጠራት አለባቸው፤ «የቅርቡ» የተባለ ኢሜጅ በተነሣ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ካልተማከረ አይሠራም።

ሁለተኛው የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር ነው፤ በዚህ ቦታ የስሌቱን ጭብጥ መዘርዘር ይጠቅማል። ፖስትግሬስ ሠንጠረዡን ከመለወጡ በፊት ለውጡን በቀዳሚ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ይህ መዝገብ እያንዳንዳቸው 16 ሜጋባይት በሆኑ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ኦፐሬተሩ በተለመደው አሠራር ክፍሉ ባይሞላም እንኳ ለውጥ እስካለ ድረስ በየ5 ደቂቃው ዘግቶ ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልከዋል፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠፋው ሥራ ከ5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ነው። በሰዓት 12፣ በቀን 288 ክፍል ይሆናል፤ በ16 ሲባዛ በቀን 4,608 ሜጋባይት፣ ማለትም 4.5 ጊጋባይት ነው። አብዛኛው ክፍል ባዶ ስለሆነ ሲታመቅ እጅግ ያንሳል፤ መስመሩም አይከብደውም። ነገር ግን ሩቁ ማከማቻ ካልተገኘ ፖስትግሬስ ያልተላከውን ክፍል አይጥልም፤ በራሱ ዲስክ ላይ ሳይታመቅ ይከምረዋል። ለቀዳሚ መዝገቡ 20 ጊጋባይት የተመደበለት ቋት በ5ኛው ቀን ዲስኩ ሞልቶ ሥራውን ያቆማል። እንግዲህ የመስመር መቋረጥ የሩቁን ቅጂ ብቻ ሳይሆን እዚሁ ጎንደር ያለውን፣ ከኢንተርኔት ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን ቋት ይገድለዋል። ሕመምተኛው ቆሞ መዝገቡ ተከፍቶ እየተጠበቀ ማለት ነው።

መድኃኒቱ የቅጂው ማረፊያ በመጀመሪያ ደረጃ ከከተማው እንዳይወጣ ማድረግ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ለምሳሌ ያህል ብንወስድ ማራኪ፣ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ፋሲል የተባሉ የተራራቁ ግቢዎች አሉት። ዋናው ቋት በአንዱ ግቢ ቢሆን ቀዳሚ መዝገቡ በሌላው ግቢ ባለ ማከማቻ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቅጂ በሌላ ፕሮግራም፣ መስመር ሲኖር ብቻ፣ ዋናውን ሳያስጨንቅ ይጓዛል። መስመሩ ለወራት ከጠፋ ደግሞ የተመሰጠረ ዲስክ በሰው እጅ ይላካል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከከተማ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ ቅንጦት እንዳይመስል በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ መድረሱን ማስታወስ ይበቃል።

የሰዓት ጉዳይ ከእነዚህ ያነሰ ቢመስልም መጋቢውን ከደጃፍ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በክላስተሩ ውስጥ የሚነጋገሩት ሁሉ በምስክር ወረቀት ይተዋወቃሉ፤ ወረቀቱ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚጸና ነው። የሰርቨሩ ትንሽ ባትሪ አልቆ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ በኢንተርኔት እንዳይታረም መስመር የለም፤ ወረቀቶቹ ሁሉ «ገና ያልጸኑ» ይሆናሉ። ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል ርካሽ የጂፒኤስ መሣሪያ በጣሪያ ላይ ማቆም ይህን ያስወግዳል። ኩብአድም በተባለው መሣሪያ የተተከለ ክላስተር የምስክር ወረቀቶቹ የሚጸኑት ለ1 ዓመት ሲሆን የሚታደሱት እትሙ ከፍ ሲደረግ ነው። መስመር ጠፍቶ ዓመት ሙሉ እትሙ ያልተለወጠ ክላስተር አንድ ቀን ጠዋት በሩን ይዘጋል። በእጅ ማደስ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ግን ይፈልጋል።

በዚሁ ላይ የአገሩ የሰዓት አቈጣጠር ይታከላል። ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይወሰድ የሚል ኃላፊ በፈረንጆች አቈጣጠር ከንጋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ክላስተሩ የሚቈጥረው በግሪኒች ሰዓት ከሆነ ደግሞ መጻፍ ያለበት የዋዜማው 23 ሰዓት ነው። ክላውድኔቲቭፒጂ ጊዜውን የሚቀበለው ከተለመደው አምስት ክፍል በአንድ በሚበልጥ፣ ከሰከንድ በሚጀምር አጻጻፍ ስለሆነ በልማድ የጻፈው ሰው ያላሰበው ጊዜ ላይ ቅጂ ሲወሰድ ያገኘዋል። የልደት ቀንን በተመለከተም ጳጉሜን 6 የሚውልበትን ዓመት ቋቱ አያውቅምና ለውጡ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ፕሮግራም ብቻ መደረግ አለበት።

የቀሩት ዝግጅቶች ባጭሩ ይታለፋሉ። የክላስተሩ የውስጥ አድራሻዎች ከግቢው ኔትወርክ ጋር እንዳይጋጩ ቀድሞ መታየት አለበት፤ ኩብአድም ሳይጠይቅ የሚወስደው ክልል ከ10.96 እስከ 10.111 ያለውን ሁሉ ይሸፍናልና በዚያ ክልል ውስጥ የሆነ ቢሮ ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ያቅተዋል። ኦፐሬተሩ አዳዲስ የነገር ዓይነቶችን በክላስተሩ ሕግ ውስጥ ስለሚያስገባ በተከላው ጊዜ ሙሉ ሥልጣን ይፈልጋል፤ ሥልጣኑ ለተከላው ሰዓት ተሰጥቶ ወዲያው ሊነሣ ይገባል። የይለፍ ቃሎች በኩበርኔትስ ውስጥ «ምስጢር» በሚል ስም ይቀመጡ እንጂ አስተዳዳሪው በተለይ ካላዘዘ በስተቀር አይመሰጠሩም፤ ኤትሲዲን የቀዳ ሰው ሁሉንም ያነባቸዋል። የሰውን የሞት ምክንያት የያዘ መዝገብ በዚህ ሁኔታ ሊቀመጥ እንደማይገባው ሕሊናም ይናገራል፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ተከላው ራሱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሚያስፈልገው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ከዚያም ሦስት ቅጂ ያለው ቋት ይፈጠር ዘንድ አንዲት አጭር ጽሑፍ ትጻፋለች። ሦስቱ ቅጂዎች በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ እንዲያርፉ በጽሑፉ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ ሁለቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ተጎራብተው ሊገኙ ይችላሉ።

አንድ ተቃውሞ በአግባቡ ሊመለስ ይገባል። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለአንድ ጤና ጣቢያ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ጠያቂ እውነት አለው። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ደኅና ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስና በየሌሊቱ የሚወሰድ ቅጂ ለእንዲህ ያለው ቦታ ከማንኛውም ክላስተር ይበልጣል። ክላስተርና ኦፐሬተር የሚያዋጣው ብዙ ቋቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ፣ እነዚያን የሚጠብቁ ቢያንስ ሁለት ሠልጣኝ ባለሙያዎች ሲኖሩ ነው። አንድ ባለሙያ ብቻ ያለበት ክላስተር ያ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ በሄደ ማግሥት ባለቤት የለውም፤ ይህም በክልል ከተሞች የታወቀ ነገር ነው።

ስለዚህ የመረከቢያው ፈተና በወረቀት ሳይሆን በተግባር ቢደረግ ይሻላል። እውነተኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት፣ ክላስተሩን ያልተከለው ሰው በሚገኝበት ቀን፣ የዋናው ቋት ሰርቨር ሶኬቱ ይነቀል፤ ተከታዩ ስንት ሰከንድ ፈጅቶ እንደ ተተካ ይመዝገብ። በሌላ ቀን የውጭ መስመሩ ተነቅሎ ለ10 ቀን ይቆይና ቀዳሚ መዝገቡ የያዘው ቦታ በየዕለቱ ይለካ። በሦስተኛው ሦስቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ይጥፉ፤ መብራት ሲመለስ ምን ከምን ቀድሞ መነሣት እንዳለበት፣ ማለትም የኔትወርክ ማከፋፈያው፣ ሰዓቱ፣ ስም ፈቺው፣ የኢሜጅ መዝገቡ፣ ከዚያም ክላስተሩ፣ በአማርኛ ተጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በመጨረሻም ከሌላው ግቢ በመጣ ቅጂ ብቻ ቋቱ በባዶ ሰርቨር ላይ ይታነጽና በእያንዳንዱ ቀበሌ የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር፣ ከእናቶቻቸው ጋር የተያያዙት ሕፃናትም ቁጥር ከዋናው ጋር ይተያይ። ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ ድረስ የወረቀቱ መዝገብ ከመደርደሪያው አይነሣ።